ገና ሳይታወቅ የሚዘጋው ቱቦ

ሥነ ፅንስ ሳስተምር መጀመሪያ በማይክሮስኮፕ የማሳየው የ33 ሰዓት የጫጩት ፅንስ ነው። ተማሪ ሁሉ ዓይኑን እንዳስጠጋ የሚጠይቀኝ ስለ ልቡ ነው፤ እኔ ወደ ጭንቅላቱ እመልሰዋለሁ። እዚያ የወደፊቱ አንጎል ሦስት እብጠት ሆኖ ይታያል። አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ ግን በጅራቱ በኩል ገና አልተዘጋም፤ ሁለቱ ጠርዞቹ እንደተራራቁ ናቸው።

የቱቦው ግድግዳ በስሱ ተቆርጦ ቀለም ሲነካው ሌላ ጉድ ይወጣል። በመከፈል ላይ ያሉት ሴሎች በሙሉ በውስጠኛው ጠርዝ ተደርድረዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቪልሄልም ሂስ የተባለው ስዊዘርላንዳዊ ይህን አይቶ፣ ጠርዙ ላይ ያሉት ለብቻቸው የተለየ ዓይነት ሴሎች ናቸው ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 ሳወር የተባለ ተመራማሪ ይህን አፈረሰው። ሴሎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ እያንዳንዱም ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ይዞ ተዘርግቷል። ዲ ኤን ኤው የሚባዛው ኒውክለሱ ወደ ውጭው ጠርዝ ቀረብ ባለበት ጊዜ ነው። ከዚያ ኒውክለሱ ወደ ውስጠኛው ጠርዝ ይወርዳል፣ እዚያ ይከፈላል፣ ተመልሶም ይወጣል። የሰፈር ሰው ተራ በተራ ቦኖ ወርዶ ውሃ ቀድቶ እንደሚመለሰው ማለት ነው፤ ቦኖው ጋ ያገኙትን ሁሉ ቤቱ እዚያ ነው ማለት አይቻልም። በዚህ ትምህርት ውስጥ ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ግኝት የለም።

መጀመሪያ ላይ አንዱ ሴል መሰሎቹን ሁለት ያስገኛል፤ ቁጥሩ ይበዛል። በኋላ ነገሩ ይለወጣል። ከሁለቱ አንዱ በእናቱ ቦታ ይቀራል፣ ሌላው የነርቭ ሴል ሆኖ ወደ ውጭ ይጓዛል። የነርቭ ሴል ከሆነ በኋላ ዳግም አይከፈልም። ስለዚህ መባዛቱ ያለጊዜው ከተቋረጠ አንጎሉ ትንሽ ሆኖ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2015 ብራዚል ውስጥ ጭንቅላታቸው ያነሰ ሕፃናት በብዛት ሲወለዱ፣ ሰበቡ የዚካ ቫይረስ ሆኖ ተገኘ፤ ቫይረሱ የሚያጠቃው እነዚሁኑ በመባዛት ላይ ያሉ ሴሎች ነው።

አሁን ወደ እኛ ቤት እንምጣ። ሴል በተከፈለ ቁጥር ዲ ኤን ኤው እንደ አዲስ መሠራት አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ፎሌት የሚባለው ቫይታሚን ያስፈልጋል። የሰው ፅንስ ቱቦ በተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ተዘግቶ ያልቃል። እርግጥ መዘጋቱ የመከፈል ሥራ ብቻ አይደለም፤ መታጠፍና መጣበቅም አለበት። ከላይ ሳይዘጋ ከቀረ አንጎልና የራስ ቅል በአግባቡ አይሠሩም፤ ከታች ከሆነ ጀርባው ላይ ክፍተት ይቀራል፣ ስፓይና ቢፊዳ የሚባለው። እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ የሆነ የብሪታንያ ጥናት፣ ከዚህ ቀደም እንዲህ ዓይነት እርግዝና የገጠማቸው እናቶች በቀን 4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ (በእንክብል የሚወሰደው ፎሌት) ሲወስዱ ችግሩ የመደገሙ ዕድል በ72 በመቶ መቀነሱን አሳየ።

የሚያናድደኝ የጊዜው ነገር ነው። በአገራችን ብዙ እናቶች የእርግዝና ክትትል የሚጀምሩት ከሦስተኛው ወር በኋላ ነው። ያኔ የሚሰጠው ፎሊክ አሲድ ያለበት እንክብል ለደም ማነስ ይጠቅማል፤ ቱቦው ግን ከተዘጋ፣ ወይም ሳይዘጋ ከቀረ፣ ቆይቷል። ፎሌት ስላለበት ጎመኑም ምስሩም ደግ ነው፣ ብቻውን ግን አይበቃም። ልጅ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ባሎችም ጭምር ስሙ፦ 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ በየቀኑ መውሰድ የሚጀመረው ከማርገዝ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ነው። ከዚህ በፊት ችግሩ የገጠማት እናት መጠኑን ሐኪም ይወስንላት።