አስተዳደር ወይስ ቴክኖሎጂ? ስለ ሁለተኛ ዲግሪ ምርጫ ለወላጆችና ለልጆች

ልጅን ፊደል ማስቈጠር የአባትና የእናት ተግባር መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ልጅ አድጎ የመጀመሪያ ዲግሪውን ከያዘና ከሥራ ከገባ በኋላ፥ «ከእንግዲህ ወዲያ ምን ልማር?» ብሎ ሲጠይቅ፥ ብዙዎቻችን የምንመልሰው ይጠፋናል፤ ወይም የደመወዙን ብዛትና የሹመቱን ከፍታ ብቻ ተመልክተን ሳንመረምር እንፈርዳለን። በቤተ ዘመዶቼ መካከል የደረሰውን እንዲህ ያለውን ነገር፥ ለሌላው ቤት ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ በዚህ ገጽ እጽፈዋለሁ።

የእኅቴ ልጅ በኮምፒዩተር ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ተቀብላ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አራት ዓመት አገልግላለች። መሥሪያ ቤቱም ሁለት ዓመት ተምራ ተመልሳ እንድታገለግል ፈቀደላት። በዚያን ጊዜ አባቷ፥ «በቴክኖሎጂው ግፊበት፤ እንጀራው ያለው ከዚያ ነው» አሉ። እናቷ ደግሞ፥ «የሕዝብ አስተዳደር ተማሪ፤ ሰው የሚከበረው ሲያስተዳድር ነው» አለች። ልጂቱ በሁለቱ መካከል ስታመነታ የማመልከቻው ቀን ተቃረበ። በአንድ እሑድ ቡና ተፈልቶ ሳለ ወደ እኔ መጥታ፥ «ጋሼ፥ የሁለቱንም ቃል ማክበር እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን ሥራዬ ምን እንደ ሆነ ሁለቱም አልጠየቁኝም» አለችኝ። ይህ ቃል ልቤን ነካው። የታናናሾቿን የትምህርት ቤት ክፍያ የምትሸፍነው እርሷ ናትና፥ ምርጫው ቢሳሳት የሚጐዳው አንድ ሰው ብቻ አልነበረም።

እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ፊደልንና ዳዊትን ከቤተ ክርስቲያን፥ ሒሳብንና እንግሊዝኛን ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማርሁ እንጂ ሁለተኛ ዲግሪ የለኝም። ስለዚህ በመዝገብ ቤት ያየሁትን ነገርኋት።

መዝገቦች ወደ ኮምፒዩተር ከገቡ በኋላ አንዲት እናት ከገጠር መጥተው፥ ከብዙ ዓመት በፊት የተፈረደላቸውን የውርስ ፍርድ ግልባጭ ጠየቁ። ስማቸው በመሣሪያው ሲፈለግ «የለም» አለ። ሁለት ጊዜ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ፤ በሦስተኛው ቀን ዐይናቸው እንባ አቅርሮ መጡ። እኔም በአባታቸው ስም ውስጥ «ሥላሴ» የሚል ቃል መኖሩን አስተዋልሁና፥ በንጉሡ ሠ ሲፈለግ የነበረውን በእሳቱ ሰ ብፈልገው መዝገቡ ወዲያው ተገኘ። ሥ እና ስ ለጆሮ አንድ ቢሆኑም ለመሣሪያው የተለያዩ ናቸው። ፊደላችን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. በገባበት፥ ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል ሠንጠረዥ፥ የሥ መለያ ቍጥር 1225፥ የስ መለያ ቍጥር 1235 ነው። ሃሌታው ሀና ሐመሩ ሐ፥ አልፋው አና ዐይኑ ዐ፥ ጸሎቱ ጸና ፀሐዩ ፀም እንዲሁ ተለያይተው ተቈጥረዋል።

ጥፋቱ የማን ነው? ሠሪው ጥበቡን ያውቃል፤ መዝገብ ሲፈለግ ሞክሼዎቹን ፊደላት እንደ አንድ እንዲቈጥር መሣሪያውን ማዘዝ ለባለሙያ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን ማንም አልነገረውም። አስተዳዳሪውም ሥራውን በቅንነት ፈርሞ ተረከበ፤ ነገር ግን «የባለጉዳይ ስም በልዩ ልዩ ፊደል ቢጻፍ ይገኛልን?» ብሎ መጠየቅን አላወቀም። በሁለቱ ዕውቀት መካከል በቀረው ክፍተት የተንገላቱት እኒያ እናት ናቸው።

የሕዝብ አስተዳደር ትምህርት፥ ፖሊሲ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚፈጸም፥ በጀት እንዴት እንደሚታቀድ፥ ሠራተኛ እንዴት እንደሚመደብና እንደሚመዘን፥ የባለሥልጣንም ሥልጣን በሕግ እንዴት እንደሚወሰን ያስተምራል። የቴክኖሎጂው ትምህርት ደግሞ መረጃ እንዴት እንደሚደራጅና እንደሚጠበቅ፥ ኮምፒዩተሮች እንዴት እንደሚገናኙ፥ ትልቅ ሥርዓትም እንዴት ተነድፎ እንደሚፈተን ያስተምራል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቍጥር 1284/2015ና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ከወጡ ወዲህ፥ ሕጉን የማያውቅ ሠሪም ሆነ የመሣሪያውን ጠባይ የማያውቅ አስተዳዳሪ ባለጉዳይን ማጕላላቱ አይቀርም።

አንዱን ዕውቀት ይዞ ሌላውን መሻት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በጀርመን አገር ሕክምና ተምረው ነበር፤ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፋቸው ግን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው ነው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም በሩስያ አገር የመድፈኛነትን ትምህርት ተምረው፥ በኋላ የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት አረቀቁ።

ስለዚህ ለልጂቱ ሦስት ጥያቄ አቀረብሁላት። መጀመሪያ፥ «አሁን በእጅሽ ያለው ምንድን ነው?» የኮምፒዩተርን መሠረት የተማረ ሰው አዲስ ነገር ሲመጣ በአጭር ሥልጠና ሊደርስበት ይችላል፤ መሠረቱ የሌለው ግን በሥራ ላይ ብቻ ሊያገኘው ይቸግረዋል። ሁለተኛ፥ «በሥራሽ ላይ ዘወትር የሚያሰናክልሽ ምንድን ነው?» ሦስተኛ፥ «ሹመትም ደመወዝም ባይጨመርልሽ፥ ጠዋት በደስታ ተነሥተሽ የምትሠሪው የትኛውን ነው?»

ለሁለተኛው ስትመልስ፥ «መሥራቱ አያቅተኝም፤ ነገር ግን ስለ በጀቱና ስለ ደንቡ ስጠየቅ መልስ ስለማጣ የሠራሁት ሁሉ ከመደርደሪያ ይቀራል» አለች። በሦስተኛው ላይ ብዙ ዝም ካለች በኋላ፥ «ከባለጉዳይ ጋር ተቀምጬ ችግሩን መስማት» አለች። እንግዲህ ለእርሷ አስተዳደሩ እንደሚሻል ፈረድሁ። የሚቀርባትንም አልሸሸግሁም፤ ሁለት ዓመት ከሙያዋ ስትርቅ እጇ ሊቀዘቅዝ፥ በዚያው የጸኑት ጓደኞቿም በደመወዝ ሊበልጧት ይችላሉ። አባቷ ይህን ሰምተው ቅር አላቸው፤ ሆኖም የልጃቸውን መልስ ከአፏ ከሰሙ በኋላ አልከለከሏትም።

ለሌላው ልጅ ፍርዱ ሌላ ነው። በመሣሪያው ፊት ሲቀመጥ ሰዓቱ የማይታወቀውን ልጅ፥ ስለ ሹመት ክብር ብላችሁ ከአስተዳዳሪ ወንበር አታስቀምጡት፤ በሙያው ይግፋ። የትኛውም ቢመረጥ፥ ከመመዝገብ በፊት የትምህርቱን ስም ብቻ ሳይሆን የሚሰጡትን ኮርሶች ዝርዝር አንብቡ፤ ከሌላው ክፍል አንድ ኮርስ መውሰድ ይፈቀድ እንደ ሆነ ጠይቁ። የመሥሪያ ቤቱን ፈቃድና የአገልግሎቱን ግዴታ በጽሑፍ ተቀበሉ፤ በቃል የተሰጠ ፈቃድ ሲካድ በችሎት አይቻለሁና።

ልጂቱ ማመልከቻዋን ካስገባች በኋላ ወደ ቤቴ ተመልሳ መጣች። የመመረቂያ ጽሑፏን ስለ መዝገብ ቤት አገልግሎት ለማድረግ አስባ፥ ሞክሼዎቹን ፊደላት ከነስማቸው እንድጽፍላት ለመነችኝ። እኔም ከልጅነቴ በቃሌ የያዝሁትን በአንድ ወረቀት ጽፌ ሰጠኋት።