የበረዶውን ተራራ ለማየት ጀልባ ሲሳፈሩ

«ታይታኒክን ያሰጠመው በረዶ ከየት ነው የመጣው?» ፊልሙን ያየ ልጅ ይህን መጠየቁ አይቀርም። መልስ አጥተው ከሆነ፣ ከግሪንላንድ ሳይሆን አይቀርም ይበሉት። በምዕራብ ግሪንላንድ ለሺህ ዓመታት የተከማቸው ግግር በረዶ ባሕሩ ጋ ሲደርስ ጫፉ እየተገመሰ ይወድቃል። የተገመሰው ክፍል በውኃው ላይ ተንሳፍፎ ወደ ደቡብ ይነዳል። ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያህል ተጉዞም በካናዳ ምሥራቃዊ ጫፍ ወደምትገኘው የኒውፋውንድላንድ ደሴት ይደርሳል። ታይታኒክ በ1912 እ.ኤ.አ. የሰጠመችው ከዚህችው ደሴት ደቡብ ምሥራቅ ባለው ባሕር ላይ ነበር።

ዛሬ ያንን በረዶ ሰው ከፍሎ ያየዋል። በዋና ከተማዋ በሴንት ጆንስም ሆነ በሰሜን በኩል ባለችው ትንሽዋ ትዊሊንጌት የጉብኝት ጀልባዎች አሉ። ቶሮንቶ እኅት ወይም አጎት ያለው የአዲስ አበባ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም፤ ከቶሮንቶ ሴንት ጆንስ ደግሞ በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። (ሰዓትዎን ሲያስተካክሉ አይደናገሩ፤ ኒውፋውንድላንድ ከቶሮንቶ በአንድ ሰዓት ተኩል ትቀድማለች።)

ችግሩ የትምህርት ቤት ነገር ነው። በረዶው በደንብ የሚታየው በግንቦትና በሰኔ ነው። እኛ ልጆቹ ዕረፍት እስኪወጡ ጠብቀን በሐምሌ አጋማሽ ወይም በነሐሴ ስንደርስ አብዛኛው ቀልጧል። ስለዚህ ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት የፈተናውን ቀን ይጠይቁ፤ በሰኔ መጨረሻ መድረስ ከቻሉ ዕድል አለዎት። ያም ሆኖ የበረዶው ብዛት ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ ለልጆቹ «እናያለን» ብለው ቃል አይግቡ።

የጀልባዎቹ ካፒቴኖች ብዙዎቹ ከዓሣ አጥማጅ ቤተሰብ የወጡ ናቸው። የካናዳ መንግሥት በ1992 እ.ኤ.አ. ኮድ የተባለውን ዓሣ ማጥመድ ሲያግድ ከሠላሳ ሺህ በላይ ሰው ሥራውን አጥቷል። ባሕሩን የሚያውቅ ሰው ጀልባ ሲነዳልዎ ልዩነቱ ይታወቃል። በተለይ አንድ ነገር ላይ፦ ርቀት ላይ።

ከውኃው በላይ የሚያዩት የበረዶው አንድ አሥረኛ ያህሉ ብቻ ነው። የቀረው ከሥር ሆኖ ይቀልጣል፤ ሚዛኑ ሲዛባም ያ ሁሉ ተራራ ያለምንም ማስጠንቀቂያ ይገለበጣል ወይም ይሰነጠቃል። ሲገለበጥ የሚያስነሣው ማዕበል ትንሽ ጀልባ ሊያሰጥም ይችላል። ስለዚህ የበረዶውን ርዝመት ያህል ወይም የከፍታውን እጥፍ፣ ከሁለቱ የበለጠውን መራቅ ግድ ነው። ከፍታው 60፣ ርዝመቱ 80 ሜትር ቢሆን ከ120 ሜትር ወዲህ አይቀረብም።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት «ምን ያህል ትጠጋላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። «እስኪነኩት ድረስ» የሚል ካጋጠመዎት ሌላ ጀልባ ይፈልጉ። እኔ ብሆን ፎቶው ትንሽ ቢወጣ እመርጣለሁ። ለልጆች በልካቸው የተሠራ ላይፍ ጃኬት መኖሩንም በዓይንዎ ይዩ፤ የአዋቂው ከልጅ ትከሻ ሾልኮ ይወጣል።

ልብስ ላይ አይሳሱ። ወደብ ላይ ፀሐይ ቢሞቅዎትም ባሕሩ ላይ ያለው ነፋስ የእንጦጦን ብርድ ያስረሳል፤ ኮፍያ፣ ጓንትና ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ይያዙ። ማቅለሽለሽ የሚያስቸግረው ልጅ ካለ መድኃኒቱን ከመሳፈሩ በፊት ይስጡት።

በረዶው ነጭ የሚመስለው በውስጡ ባሉት ጥቃቅን የአየር አረፋዎች ምክንያት ነው። አልፎ አልፎ የሚያዩት ሰማያዊ መስመር ደግሞ ስንጥቅ ውስጥ የገባ ውኃ ያለ አረፋ መልሶ ሲረጋ የሚፈጠር ነው። አንዳንድ ካፒቴኖች ከተራራው ርቆ የሚንሳፈፍ ቁራጭ በመረብ አውጥተው ለተሳፋሪው ያካፍላሉ። ከሰጡዎት ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ይጨምሩትና ለልጅዎ ጆሮ ያስጠጉት። ጠሽ ጠሽ የሚለው፣ በረዶ ሆኖ ከመጠጠሩ በፊት በግሪንላንድ የወረደው በረዶ ያፈነው የጥንት አየር ሲወጣ ነው።