ሉሉና የካዛንቺስ ውሾች

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ከካዛንቺስ አጠገብ በሚገኘውና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥና 25ኛ ዓመት በ1948 ዓ.ም. ሲከበር መታሰቢያ በሆነው የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት፣ ሹማምንቱ ሁሉ እጅ በሚነሱበት አዳራሽ እንዳሻት የምትመላለስ ሉሉ የተባለች ትንሽ ውሻ ነበረች። ሉሉ ቺዋዋ ከሚባለው፣ መነሻው ሜክሲኮ ከሆነውና በትንሽነቱ ከሚታወቀው የውሻ ዝርያ ስትሆን፣ በብዙ ፎቶግራፎች ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ትታያለች። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሉሉ የሹማምንቱን ጫማ ስታረጥብ እግራቸውን ማንቀሳቀስ እንኳ እንደማይፈቀድላቸው፣ ጫማውን በጨርቅ የሚያብስ ሠራተኛም እንደነበረ ጽፏል፤ ይሁን እንጂ የቤተ መንግሥቱን ሥርዓት የሚያውቁ ሰዎች ይህን ስላስተባበሉ፣ ወሬው ለጨዋታ ያህል እንጂ ለታሪክ ማስረጃነት አይበቃም።

በሰፈሩ ግን ውሻ በአብዛኛው ሥራው ጥበቃ ስለሆነ፣ ቀን በሰንሰለት ታስሮ ሌሊት የሚለቀቅ፣ የተረፈ እንጀራ በወጥ እየበላ የሚያድር የግቢ ባለሟል ነው። ጌታውን ተከትሎ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ድረስ የሚሄድ፣ ወደ ቅጥሩ መግባት ስለማይፈቀድለት ግን ቅዳሴው እስኪያልቅ ከበሩ ውጭ ተጋድሞ የሚጠብቅ፣ ምእመናኑ ሲወጡም ከነጠላ ለባሹ ሁሉ መካከል የራሱን ሰው በጠረኑ ለይቶ ጭራውን እየቆላ የሚዘልበት ውሻ ብዙዎችን ያስቃል፤ ይህ ታማኝነት ከቤተ መንግሥቱ ወሬ ይልቅ ሊጻፍለት የሚገባ ነው።

ውሻው ምንም ታማኝ ቢሆን ግን፣ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚድን እምብዛም ስለሌለ፣ ውሻ ያለው ሁሉ በየዓመቱ ያስከትበው።