ብዜትን በባቄላ ስለ ማስተማር

ከቄስ ትምህርት ቤት የመጣ ልጅ ቃል ማጥናት የለመደ ነውና፤ የብዜትን ሰንጠረዥ እንደ ዳዊት በቃሉ ይወጣዋል። እኛም የስምንት ዓመት ልጃችን «ሦስት ጊዜ አራት ዐሥራ ሁለት» ሲል ሰምተን ደስ ብሎን ነበር። ነገር ግን አንድ ቀን፤ በሦስት ሌማት ላይ አራት አራት እንጀራ ቢቀመጥ እንጀራው ሁሉ ስንት ይሆናል ብለን ብንጠይቀው ዝም አለ። እኛም ተቈጥተን አለንጋ አነሣን፤ እርሱም አለቀሰ። ጥፋቱ የእኛ እንደ ነበረ የገባን ሌሊቱን ስናስበው ነው።

በማግሥቱ ባቄላ አስመጥተን በሰሌን ላይ በሦስት ረድፍ አራት አራት አድርጎ እንዲደረድር አዘዝነው። ቈጠረና ዐሥራ ሁለት አገኘ። ከዚህ በኋላ በሰሌኑ ጎን አዙረን አስቀመጥነው፤ ረድፉ አራት፤ በያንዳንዱም ሦስት ሆኖ ታየው። «አንድም ባቄላ አልተጨመረም!» ብሎ ሣቀ። በዚህም የሰንጠረዡ እኩሌታ ያህል ቀለለለት፤ ሦስት ጊዜ ሰባትን ያወቀ ሰባት ጊዜ ሦስትን እንደገና አያጠናምና።

ገበታም ይረዳል። ሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ባለው ገበታ አራት አራት ጠጠር ሲሞላ 48 ይሆናል፤ ልጁም ጨዋታ እንጂ ትምህርት አይመስለውም።

ይህን ስንል ቃል ማጥናትን አንነቅፍም። የባሕረ ሐሳብ መምህር ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 ገድፎ አበቅቴን የሚያወጣው ባቄላ ደርድሮ አይደለም። ልጃችንም ሰንጠረዡን አልተወም፤ ነገር ግን ሰባት ጊዜ ስምንት ላይ ሲደርስ ገና ይሰናከላል፤ ያን ጊዜ ወደ ጓዳ ገብቶ ባቄላውን ራሱ ያመጣል።