ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠበቀው የቱ ነው?

አንድ ከተማ በድንገተኛ አደጋ ሲመታ ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ ለማዳን አይቻልም። የእሳት አደጋ መኪናው ቍጥር የታወቀ ነው፤ የጠጋኙም ሠራተኛ እጁ ሁለት ብቻ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ በማስተዋል ያልተመረጠ ነገር በአደጋው ሰዓት በጩኸትና በማዕርግ ይመረጣል። ይኸ እንዳይሆን ብዙ ከተሞች፥ ቢቋረጥ ሕይወት የሚያጠፋውን አገልግሎት ለይተው በመዝገብ ማስፈርን ተምረዋል። ትምህርቱን ያገኙት ግን በጥፋት ነው።

ሚያዝያ 10 ቀን 1898 ዓ.ም. በአሜሪካ የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ በምድር መንቀጥቀጥ ተመታች። ብዙ ሰው ከተማይቱን ያጠፋት መንቀጥቀጡ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የሚበልጠውን ያጠፋው ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ያህል የነደደው እሳት ነው። ከሩቅ ማጠራቀሚያ ውሃ የሚያመጡት ታላላቅ ቧንቧዎች ተሰበሩ፤ በከተማው ውስጥ የተዘረጉትም 300 በሚያህል ስፍራ ተበጠሱ። የእሳት አደጋው አለቃ ዴኒስ ሰለቫን በሚኖርበት ጣቢያ ላይ የጎረቤቱ ሆቴል ግንብ ተንዶ በጽኑ ስላቈሰለው ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተ። እንግዲህ ሠራተኞቹም መሣሪያውም ነበሩ፤ የታጡት ውሃውና አዛዡ ናቸው። 28 ሺህ የሚያህል ቤት ጠፋ፤ 3 ሺህ የሚያህል ሰው ሞተ፤ ከሕዝቡም ከግማሽ የሚበልጠው መጠለያ አጣ።

በዚህ ሁሉ መካከል በአንድ ኮረብታ ላይ ያለች አንዲት የእሳት ማጥፊያ ውሃ መቅጃ አልደረቀችም። የሚሽንን ሠፈር በማዳን ረገድ ታላቅ ውለታ ስለ ዋለች፥ ዛሬም በየዓመቱ በዚያ ቀን የወርቅ ቀለም ትቀባለች።

ከጥፋቱ በኋላ ከተማይቱ ለእሳት ብቻ የሚያገለግል ሌላ የውሃ መሥመር ዘረጋች። ሆኖም ጥቅምት 7 ቀን 1982 ዓ.ም. ምድር እንደገና ስትናወጥ ይኸው መሥመር በከፊል ተሰበረ፤ በማሪና ሠፈር የተነሣውን እሳት ለመግታት ፊኒክስ የተባለችው የእሳት አደጋ ጀልባ ከባሕር ውሃ እየሳበች መስጠት ነበረባት። ከዚህ የምንረዳው፥ አንድ መከላከያ ብቻውን መታመኛ አለመሆኑን ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከኒው ዮርክ ነው። ጥቅምት 19 ቀን 2005 ዓ.ም. ሳንዲ የተባለው ማዕበል በደረሰ ጊዜ የቤልቪው ሆስፒታል የመጠባበቂያ ጄኔሬተሮች 13ኛው ፎቅ ላይ በደኅና ተቀምጠው ነበር። ነገር ግን ነዳጁን ወደ ላይ የሚገፉት ፓምፖች ምድር ቤት ነበሩና ጐርፉ አሰጠማቸው። ሠራተኞችና ወታደሮች ነዳጁን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ በደረጃ ቢያወጡም፥ በመጨረሻ ሕሙማኑን ወደ ሌላ ስፍራ ማዛወር ግድ ሆነ። እንግዲህ «ሆስፒታል» ብሎ በመዝገብ መጻፍ ብቻውን አይበቃም፤ ሆስፒታሉ የተመረኰዘበት ፓምፕም መጻፍ አለበት።

ስለዚህ መዝገቡን የሚያዘጋጅ ሹም ስለ እያንዳንዱ ተቋም አራት ነገር ይጠይቅ። አገልግሎቱ ቢቋረጥ በስንት ሰዓት ውስጥ ሰው ይሞታል? ሥራው በምን ላይ ተመርኵዞ ይቆማል? ምትክ አለው ወይ? የተሠራበት ስፍራስ ጐርፍ ወይም እሳት የሚደርስበት ነው?

አስቸጋሪው መጠየቁ ሳይሆን መልሱን መቀበሉ ነው። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን ሕንጻ ከመጀመሪያው ረድፍ ማግባት ይሻል፤ ሁሉም ፊተኛ ከሆነ ግን መዝገቡ ባዶ ወረቀት ነው። የውሃ ፓምፕ ጣቢያ ከሹም ቢሮ፥ የኦክሲጂን ማከማቻም ከአዳራሽ ሊቀድም ይገባል። አንዱን ማስቀደም ሌላውን ማስጠበቅ ስለሆነ፥ ማን እንደሚጠብቅና ስለ ምን እንደሚጠብቅ በሰላሙ ቀን በግልጽ ሊነገር ይገባል።

ይኸ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ሳን ፍራንሲስኮ በጠፋችበት በዚያው በ1898 ዓ.ም. ነሐሴ 19 ቀን በስምጥ ሸለቆ የተነሣ ታላቅ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን አስደንግጧል። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው ማጀቴን አፍርሷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የፈንታሌው መንቀጥቀጥ በመዲናይቱ ፎቆች ላይ በተደጋጋሚ ተሰምቷል።

እንግዲህ ወጣቱ ሹምና ተማሪው የሚሠራበትን ወይም የሚማርበትን ቤት ቢመረምር መልካም ነው። የውሃው መዝጊያ ወዴት ነው? ቍልፉ በማን እጅ ነው? ያ ሰው ባይኖርስ ተተኪው ማን ነው? የከተማው ታላቅ መዝገብ የሚሞላው ከእንዲህ ያለው ትንሽ መልስ ነው።