“ምን ያፈጥጣል?”... “ምን ያኮራዋል?” ሁለቱም ለእኔ ነው!

አንድ ሰው በአንድ ቀን “ምን ያፈጥጥብኛል ይሄ?” ተብሎም፣ “ሰው ሲያናግሩት ቀና ብሎ የማያይ ትዕቢተኛ!” ተብሎም ሊሰደብ ይችላል? እኔ ተሰድቤያለሁ። ያውም አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ፣ ያውም በአራት ሰዓት ልዩነት! የመጀመሪያው ሰዳቢ ሊስትሮ ዘንድ ተቀምጦ ጫማውን ያስጠርግ የነበረ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። እኔ የማየው እሱን ሳይሆን ከኋላው የቆመውን የኮንቴይነር ቁጥር ነበር። አራት ፊደል፣ ሰባት አኃዝ። ሰባተኛዋ አኃዝ የፊተኞቹ መመርመሪያ ናት፤ አንዷ ከተዛነፈች ብዙውን ጊዜ በስሌት ትጋለጣለች። ደስ የሚል ነገር ነው፣ ለሰው ግን አይገባውም። ሁለተኛዋ ምሳ የበላሁበት ቤት አስተናጋጅ ናት። “ምን ልታዘዝ?” ስትለኝ ሜኑውን እያየሁ መለስኩላት። በቃ፣ ኩሩ ተባልኩ።

ስሜን ልተወው፤ የዚህ ዓምድ ወግም ነው። ዕድሜዬ 31፣ ሥራዬ የትራንዚት ሰነድ ማመሳከር፣ ቤቴ ሰመራ ሲሆን በወር ሁለት ሦስት ጊዜ አዋሽ እመላለሳለሁ። ኦቲዝም አለብኝ። ስሙን ያወቅሁት በ26 ዓመቴ አዲስ አበባ አንድ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነው። ከዚያ በፊት ስሜ ብዙ ነበር፦ ጀዝባ፣ ፋራ፣ ወፈፌ፣ “ነካ ያደረገው”... ለእናቴ ደግሞ “ዓይነ ጥላ ያለበት ልጅ”።

“ኦቲዝም” ሲባል ብዙዎቻችሁ የምታስቡት ሕፃናትን ነው። አይፈረድባችሁም። ነገሩን በአገራችን አደባባይ ካወጡት ግንባር ቀደሟ ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። በውበት ማሠልጠኛ ትምህርት ቤታቸው የሚታወቁት እኚህ ሴት፣ ኦቲዝም ያለበት ልጃቸውን የሚይዝላቸው ትምህርት ቤት ቢያጡ በ1990ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ወላጆች ልጆቻቸውን ጓዳ እንዳይደብቁ ሲወተውቱ ኖሩ። ኋላም ወላጆች ተሰባስበው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። ነፍስ ይማር፣ ዕድሜ ይስጥ! ግን እኮ ልጆቹ ያድጋሉ። ጺም ያወጣሉ፣ ደመወዝ ይቀበላሉ፣ ባጃጅ ላይ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ከ127 ሰው አንዱ ኦቲዝም ያለበት ነበር። ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ሰው ውስጥ አንድ እኔን የመሰለ አለ ማለት ነው።

እርግማን አይደለም፣ የአስተዳደግ ጉድለትም አይደለም። አእምሮ ከመነሻው በሌላ መልክ ማደጉ ነው። በእኔ ላይ እንዲህ ይታያል፦ ድምፅና መብራት ሲበዛ ያመኛል፤ የሰው ዓይን እያየሁ ማዳመጥ አልችልም፣ ወይ ማየት ወይ መስማት ነው፤ ሰው የተናገረውን እንደተናገረው እወስደዋለሁ። ጦሱ ያለው እዚህች መጨረሻዋ ላይ ነው።

“መጣሁ!” ብሎ የሚሄድ ሕዝብ

ወገኖቼ፣ አማርኛ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ተንኮለኛ ቋንቋ ነው። ሰውዬው ከወንበሩ ተነስቶ፣ በሩን ከፍቶ እየወጣ “መጣሁ!” ይላል። እየሄደ እኮ ነው! “ጠፋህ እኮ” ይሉሃል፤ የት እንደነበርክ ማወቅ ፈልገው አይደለም። ወይ ናፍቀውሃል፣ ወይ ወቀሳ ነው፣ ወይ ምንም አይደለም። “እንብላ” ሲሉህ እጅህን ታጥበህ ከቀረብክ ይሉኝታ ቢስ ነህ፤ እንቢ ካልክ ደግሞ ኩሩ ነህ። ሦስቴ ተግደርድሮ በአራተኛው መቀመጥ ነው አሉ ደንቡ። እሺ፣ ጥሪው የምር መሆኑ በምን ይታወቃል? ሰባት ሰው ጠይቄያለሁ። ሰባቱም የመለሱልኝ “ይታወቃላ!” ብለው ነው።

ጉርሻስ? “በሞቴ!” ተብሎ የሰው ጣት ከንፈሬን ሲነካኝ የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ የጨበጥኩ ያህል እደነግጣለሁ። ፊቴን ሳዞር ግን የናቅኋቸው ይመስላቸዋል። በሰምና ወርቃችን እንኮራለን፤ እሰየው። ወርቁ የማይታየው ሰውስ? ሰሙን ይዞ ሲዞር ይውላል።

ደንብ ጠላት የሆንኩ እንዳይመስላችሁ። ኧረ እኔ ደንብ እወዳለሁ! የተጻፈ ደንብ፣ የተነገረ ደንብ ስጡኝና ከማንም በላይ አከብራለሁ። የሚያስቸግረኝ ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም የማይናገረው ደንብ ነው። ይህን ደግሞ በማላስበው ቦታ፣ በአፋር ምድር ነው አጥርቼ ያየሁት።

ዳጉ

አፋር ከአፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ፣ ባይተዋወቁም እንኳ፣ ዝም ብሎ መተላለፍ የለም። ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ከዚያ በተራ ወሬ ይሰጣጣሉ። ዳጉ ይሉታል። ከየት መጣህ? ዝናብ የት ጣለ? ግጦሹስ? ገበያውስ? የታመመ አለ? የተጣላ አለ? መንገድ ላይ ያየኸው እንግዳ ሰው አለ? አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። ሲጨርስ ደግሞ ይጣራል፦ በዓይንህ አየህ ወይስ ሰማህ? ከማን ሰማህ? ወሬ መደበቅም ማጣመምም ነውር ነው። የዋሸ ሰው ስሙ ይጠፋል። ዛሬ ሞባይል በየእጁ ባለበት ዘመንም ዳጉ አልቀረም፤ እንዲያውም ስልኩንም ዳጉ አድርገውታል።

የመጋዘናችን ዘበኛ ሽማግሌ አፋር ናቸው። ከአዋሽ በተመለስኩ ቁጥር “ተቀመጥ” ይሉኛል፤ እቀመጣለሁ። ገዋኔ ዘንቧል? ሚሌ ስንት መኪና ተሰልፏል? “43” እላቸዋለሁ፣ ቆጥሬያለኋ! ሌላ ሰው ቢሆን “ይሄ ልጅ ጤነኛ ነው? መኪና ይቆጥራል?” ይለኛል። እሳቸው ግን 43ቱን ነው የሚፈልጉት። ዓይኔን አላየህም ብለው ተቆጥተውኝ አያውቁም፤ እሳቸውም አስፋልቱን እያዩ ነው የሚያዳምጡኝ። ወሬው ሲያልቅ ማለቁ ይታወቃል፣ ይነሳሉ፣ እነሳለሁ። አዲስ አበባ “ወሬ የማይችል” የተባልኩት ሰው፣ ሰመራ ላይ “ወሬው የሚታመን” ተባልኩ!

አፋር ገነት ነው ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ሙቀቱ በክረምት መግቢያ ከ40 ዲግሪ አልፎ ይሄዳል፤ ሎጊያ ማታ ማታ ጄኔሬተሩ፣ ክላክሱ፣ ሙዚቃው አንድ ላይ ሲነሳ ትራስ በጆሮዬ ላይ አስሬ ነው የምተኛው። ተሳዳቢም በየቦታው አለ። እኔ የምለው ስለ ዳጉ ብቻ ነው።

ሳይንሱም ወደዚሁ እየመጣ ይመስለኛል። ዳሚያን ሚልተን የተባለ፣ ራሱ ኦቲዝም ያለበት እንግሊዛዊ የሶሲዮሎጂ ሰው በ2012 (እ.ኤ.አ.) አንድ ነገር ጻፈ፦ አለመግባባቱ የአንድ ወገን ጉድለት አይደለም፣ እኛ እናንተን የማንረዳችሁን ያህል እናንተም እኛን አትረዱንም አለ። በ2020 ደግሞ ኤድንብራ ላይ ተመራማሪዎች ቁርጥ ዳጉን የመሰለ ሙከራ አደረጉ። ስምንት ስምንት ሰው አሰልፈው ለመጀመሪያው ታሪክ ነገሩት፣ እሱ ለሁለተኛው፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው... ኦቲዝም ያለባቸው ብቻ የተሰለፉበት ሰልፍ ታሪኩን የሌላቸው ሰዎች እንዳደረሱት ያህል አደረሰ። ይበልጥ የተንጠባጠበው ሁለቱ በተቀላቀሉበት ሰልፍ ነበር። በ2025 በብዙ ሰው ላይ ሲደገም ግን ሦስቱም ሰልፎች እኩል ወጡ። ብቻ በሁለቱም ጊዜ እኛ ወሬ አላፈሰስንም!

ባለጌና ያልገባው

አሁን ወደ መንገዱ እንውጣ። “ሰው ሲሰድብህ ምን ታደርጋለህ?” የሚለኝ ብዙ ነው። መጀመሪያ ባለጌውን ካልገባው ሰው መለየት ያስፈልጋል። በፊት ላይ አይታወቅም፤ ለእኔማ ጭራሽ አይታወቅም። ስለዚህ አንድ ጊዜ፣ በአጭሩ አስረዳለሁ። ባጃጅ ውስጥ ስፒከሩ ሲጮህ “ወንድሜ፣ ድምፁ ጆሮዬን ያመኛል፣ ትንሽ ቀንስልኝ” እላለሁ። የቀነሰው ያልገባው ነበር። ከፍ ያደረገው ባለጌ ነው። ለባለጌው ሁለተኛ ማብራሪያ የለም፤ ከፍዬ እወርዳለሁ። ከሎጊያ ሰመራ ድረስ በእግሬ የመጣሁበት ቀን አለ፣ ሰላም ነበር።

ሰው በተሰበሰበበት የሚሰድብ ደግሞ የሚያወራው ከእኔ ጋር ሳይሆን ከተመልካቹ ጋር ነው። እዚያ መልስ መስጠት ትርኢቱን ማራዘም ነው። እና “ቀልድ ነው ወይስ የምርህን ነው?” ብሎ መጠየቅን አትናቁ። አራዳ ነን የሚሉት ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ሲቀልድ የነበረው “ቀልድ ነው” ይላል፣ አብረን እንስቃለን። ሊያቆስለኝ የፈለገው ግን ጥያቄው ያስደነግጠዋል።

ለሴት ይብሳል። ሰመራ የምትማር አንዲት ወጣት አውቃለሁ፤ እሷም ሐኪም ዘንድ ቀርባ ይኸው ነው የተባለችው። ፈገግ ስለማትል ወንዶቹ “ምን ያኮራታል?”፣ ሴቶቹ “ምቀኛ ናት” ይሏታል። ይህስ ይሁን። አንድ የማታውቀው ሰው መንገድ ላይ “ስልክሽን ስጪኝ” አላት። ጥያቄ ነው፤ መለሰች፣ ቁጥሩን ነገረችው። ከዚያ ሌሊት ሌሊት ይደውላል፣ በሯ ድረስ ይመጣል። “ተው” ስትለው “አንቺ አይደለሽ የሰጠሽኝ?” ይላል። ሲም ካርድ እስከመቀየር ደረሰች። እንግዲህ እዚህ ላይ ጥፋተኛው ማን ነው? “ስልክ የሰጠች ሴት ፈቅዳለች” የሚል ደንብ የት ተጽፎ ይገኛል? አሁን አንዲት ዓረፍተ ነገር በቃሏ ይዛለች፦ “አስቤበት ራሴ እፈልግሃለሁ።” ለቁጥር፣ ለግብዣ፣ “ላድርስሽ” ላላት ሁሉ ይቺኑ ትደግማለች። ከደገመች በኋላ ቆማ አትጠብቅም፣ ትሄዳለች።

ኬላ

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን ኬላ ነው። በዚያ መንገድ የተጓዘ ያውቃል፤ ኮንትሮባንድ ስለሚበዛ ፍተሻው ጥብቅ ነው። የትኛው ኬላ እንደሆነ ይቅር። ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ “ሁላችሁም ውረዱ!” ተባልን። ባትሪ ዓይኔ ላይ በራ። ጣቶቼ መንቀሳቀስ ጀመሩ፤ ሲጨንቀኝ ይንቀሳቀሳሉ፣ አዝዣቸው አይደለም። ፈታሹ “ምን ይዘሃል?” አለኝ። “በኪሴ ነው በሻንጣዬ?” አልኩት። የእውነት ጥያቄ ነበር። “ትቀልድብኛለህ? ለምን ዓይኔን አታይም? ምን ደብቀህ ነው?” ከሰልፉ ለዩኝ። ሻንጣዬ አስፋልት ላይ ተዘረገፈ። አንዱ ክንዴን ሲይዘኝ ሳላስበው ተፈናጠርኩ፤ የባሰው ያኔ ነው፣ ዱላው ተነሳ።

ያዳኑኝ አንዲት የማላውቃቸው ተሳፋሪ እናት ናቸው። ነጠላቸውን እያስተካከሉ መጡና “ተዉት፣ ልጄ ነው፣ ጤና የለውም!” አሉ። “እናቴ አይደሉም” ልል አፌን ስከፍት እጄን ቆነጠጡኝ። ዝም አልኩ። አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ፈጀ፤ እግዜር ይስጠው፣ ረዳቱ አውቶቡሱን አስቁሞ ጠበቀን።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ጥሩ ነው፤ ባትሪ ዓይን ላይ እየበራ ግን ስምምነት አይጠቀስም። እንግሊዞች በ2016 (እ.ኤ.አ.) ጋትዊክ አየር ማረፊያ ላይ የሱፍ አበባ ሥዕል ያለበት አረንጓዴ የአንገት ማንጠልጠያ ጀመሩ፤ ያንን ያጠለቀ ሰው የማይታይ ችግር እንዳለበት ሠራተኛው ይረዳለታል። እኔ ኬላ ላይ ሱፍ ባንጠለጥል ዘይት የምነግድ ነው የሚመስለው! ስለዚህ የራሴን ካርድ አዘጋጀሁ፤ በፊቱ አማርኛ፣ በጀርባው አንድ የሥራ ባልደረባዬ የጻፈልኝ አፋርኛ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ አሳይቻለሁ። ሁለቱ አንብበው አሳለፉኝ። ሦስተኛው “ኦቲዝም ምንድነው?” ብሎ ጠየቀኝና አስረዳሁት፤ የወንድሙን ልጅ አነሳብኝ፤ መቼም ወሬው ረዝሞ ተሳፋሪው አጉረመረመ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እጃችሁን ወደ ኪስ ከመስደዳችሁ በፊት “ወረቀት ላወጣ ነው” በሉ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ አውጡ። ካርዱ ይኸውላችሁ፤ ለራሱም፣ ለወንድሙም፣ ለልጁም የሚያስፈልገው ቆርጦ ይያዘው፦

“ስሜ ............ ነው። ኦቲዝም አለብኝ። ዓይንዎን ባላይም እየሰማሁዎት ነው። ድምፅና መብራት ሲበዛብኝ እጄ ይንቀሳቀሳል፤ የደበቅሁት ነገር የለም። እባክዎ ሳይነግሩኝ አይንኩኝ። አንድ ጥያቄ ይጠይቁኝና መልሴን ይጠብቁ። ካልተግባባን ለዚህ ሰው ይደውሉ፦ ............”

ላስቲክ አልብሱት። የሰመራ ላብ ወረቀት አያስተርፍም።