ሣጥኑ ይቅደም፣ ሸረሪቷ ትከተል

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ያልተለመዱ የቤት እንስሳትን የሚያክም አንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም አለ። ወደ ክሊኒኩ ከሚመጡለት ታራንቱላ የሚባሉ ትልልቅ ሸረሪቶች ውስጥ በበሽታ የመጡት ጥቂቶች ናቸው። አብዛኞቹ የወደቁ፣ ውኃ ያነሳቸው ወይም የሰው እጅ የበዛባቸው ናቸው። ባለቤቶቻቸውም ጨካኞች ሆነው አይደለም። ረጅምና የሚያምር የመስታወት ሣጥን ገዝተዋል፤ እንዳይበርዳት ብለው የሙቀት መብራት ሰቅለዋል፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ መዳፋቸው ላይ አውጥተው አሳይተዋል። ጉዳቱ የመጣው ከዚሁ ነው።

የሸረሪቷን አካል ያወቀ ሰው ምክንያቱ ወዲያው ይገባዋል። ታራንቱላ እግሯን የምታጥፍባቸው ጡንቻዎች አሏት፤ በዋና ዋናዎቹ መገጣጠሚያዎች ላይ ግን እግሯን የምትዘረጋበት ጡንቻ የላትም። የምትዘረጋው የሰውነቷን ፈሳሽ ወደ እግሯ በመግፋት ነው፤ ውኃ ሲሞላው ቀጥ እንደሚል የጎማ ቱቦ ማለት ነው። ስለዚህ ውኃ ያነሳት ሸረሪት ግፊቱ ይወርድና እግሮቿ ወደ ሆዷ ይሰበሰባሉ። የኋላ አካሏ፣ ሆዷ፣ በስስ ቆዳ ብቻ የተሸፈነ ነው። ከትንሽ ከፍታ እንኳ ብትወድቅ ይቀደዳል፣ ፈሳሹም ይወጣል። ትንሽ ቀዳዳ ከሆነ ሐኪሙ በማጣበቂያ ሊደፍነው ይሞክራል። ትልቅ ከሆነ ግን የሚሠራው ነገር አይኖርም።

ለዚህም ነው ሐኪሙ ሊገዛ የሚያስብ ሰው ሲያማክረው ከሸረሪቷ በፊት ስለ ሣጥኑ የሚጠይቀው።

ለምሳሌ በአሜሪካና በአውሮፓ ገበያ በብዛት የምትሸጠውን ላሲዮዶራ ፓራይባናን እንውሰድ። የትውልድ አገሯ ሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ነው፤ ለሳይንስ የተገለጸችውም እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ሙሉ በሙሉ ስታድግ ከአንዱ እግሯ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ 20 ሴንቲ ሜትር ታልፋለች፤ አንዳንዶቹ 25 ሴንቲ ሜትር ይደርሳሉ። ለእንዲህ ዓይነቷ ሸረሪት 76 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ተራ የዓሣ ሣጥን ይበቃል። ዋናው ነገር የአፈሩ ጥልቀት ነው። የሣጥኑ ግማሽ ያህል፣ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ማዳበሪያም ሆነ ፀረ ተባይ ባልነካው አፈር ወይም በኮኮናት ቃጫ ብናኝ ተጠቅጥቆ ይሞላል። እንዲህ ሲሆን ሸረሪቷ መስታወቱን ወጥታ ብትወድቅ እንኳ የምትወድቅበት ከፍታ ከራሷ የእግር ስፋት አይበልጥም።

አፈሩ ሁሉ መራስ የለበትም። አንዱ ጥግ ብቻ አልፎ አልፎ ይረጠባል። ከቡሽ ዛፍ ቅርፊት የተሠራ መደበቂያ ይገባል፤ ከሥሩ መቆፈር እንድትችል ጠርዙ በአፈር ይቀበራል። የውኃ ሳህኑ ዝርግ ይሁን። አንዳንድ ሻጮች ሳህኑ ውስጥ ስፖንጅ አድርጉ ይላሉ፤ አያስፈልግም፤ ሸረሪቷ በቀጥታ ከውኃው ትጠጣለች፣ ስፖንጁ ግን ባክቴሪያ ያራባል።

ክዳኑም ችግር አለው። የዓሣ ሣጥን ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ከሽቦ ወንፊት ክዳን ጋር ነው። የታራንቱላ የእግር ጥፍር በወንፊቱ ቀዳዳ ይያዛል፤ ተንጠልጥላ ትቀራለች፣ ስትታገልም እግሯ ይቆረጣል ወይም ትወድቃለች። ሐኪሙ የሚመክረው ትንንሽ ቀዳዳ የተበሳበትና በደንብ የሚቆለፍ ጠንካራ የፕላስቲክ ክዳን ነው።

ሙቀትን በተመለከተ ሰው የሚሞቀው ክፍል ለዚህች ሸረሪት ይበቃታል፤ ከ21 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውስጥ በደህና ትኖራለች። ከሥር የሚነጠፍ ማሞቂያ አደገኛ ነው። በተፈጥሮዋ ከሙቀት የምታመልጠው ወደ ታች በመቆፈር ነውና፣ ሙቀቱ ከታች ሲመጣ በቆፈረች ቁጥር ወደ እሳቱ ትቀርባለች።

አንዲት የሲልቨር ስፕሪንግ እናት ልጇን አስከትላ መጥታ፣ «ዶክተር፣ ውሻ ስከለክላት ይሄን ይዛብኝ መጣች፤ ቆይ አሁን ይሄ ከውሻ ይሻላል?» ብላው ነበር። «እህቴ፣ ለማየት ይሻላል፤ ለመዳበስ ግን አይሆንም» አላት። እናትየው ይበልጥ የገረማት ስለ ምግቡ ስትሰማ ነው፤ አገር ቤት መድኃኒት በመርጨት የምታባርረውን በረሮ አሁን በገንዘብ ልትገዛ ነው። ያደገች ታራንቱላ በሳምንት አንድ ጊዜ ወይም ከዚያም በታች ዱቢያ የሚባለውን የእርባታ በረሮ ወይም ክሪኬት የተባለውን ፌንጣ መሰል ነፍሳት ብትበላ ይበቃታል። በ24 ሰዓት ውስጥ ያልተበላው ይወጣል።

ይህን ችላ ያለ ሰው ቆዳ በምትቀይርበት ጊዜ ይቀጣል። ሸረሪቷ ቆዳ ከመቀየሯ በፊት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት መብላት ታቆማለች፤ ከዚያ በጀርባዋ ትተኛለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ሞተች ብሎ ይደነግጣል፤ ገልብጦ የሚያቃናትም አለ። የሞተች ታራንቱላ በአብዛኛው እግሯን ከሥሯ ሰብስባ ነው የምትገኘው። በጀርባዋ የተኛችው ግን ሥራ ላይ ናት፤ ለሰዓታት ማንም ሊነካት አይገባም። አዲሱ ቆዳና ክራንቻዋ ለስላሳ ስለሆኑ በዚያ ሰዓት ሣጥኑ ውስጥ የቀረ ክሪኬት እሷኑ ሊበላት ይችላል። ክራንቻዋ ጠቁሮ እስኪጠነክር ድረስ፣ ለትልቋ ሁለት ሳምንት ያህል፣ ምግብ አይሰጣትም።

ለሰውስ አደጋ የለውም? የደቡብና የመካከለኛው አሜሪካ ታራንቱላዎች ንክሻ ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው ከንብ ንድፊያ ብዙም አይከፋም። አስቸጋሪው ፀጉራቸው ነው። ሲደነግጡ በኋላ እግራቸው ሆዳቸውን ፍቀው መንጠቆ ያላቸውን ደቃቅ ፀጉሮች ይበትናሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ አንድ የ29 ዓመት ወጣት ዓይኑ ቀልቶና እያነባ ሆስፒታል ሄደ። መጀመሪያ የታከመው በፀረ ባክቴሪያ ጠብታ ነበር፤ አልተሻለውም። ሐኪሞች ዓይኑን አጉልተው ሲያዩ በኮርኒያው ውስጥ የተሰኩ ደቃቅ ፀጉሮች አገኙ። ወጣቱም የቺሊ ሮዝ ታራንቱላውን ሣጥን መስታወት ሲወለውል ሸረሪቷ ፀጉር እንደረጨችበት ያኔ ትዝ አለው። ፀጉሮቹ ከመድቀቃቸው የተነሳ ለቅመው ሊያወጧቸው አልቻሉም፤ በስቴሮይድ ጠብታ ነው የታከመው። ጉዳዩ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ስለዚህ ሣጥን የሚያጸዳ ሰው ሸረሪቷን መጀመሪያ ወደ ፕላስቲክ ዕቃ ያዛውራት፤ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርግ፤ በእጁ ፈንታም ረጅም ወረንጦ ይጠቀም። ፖይሲሎቴሪያ የሚባሉት የእስያ ታራንቱላዎች ይህ ፀጉር የላቸውም፤ ንክሻቸው ግን ለቀናት የሚቆይ ከባድ የጡንቻ መኮማተር ያመጣል፤ ፈጣኖችም ናቸው። ለጀማሪ አይሆኑም።

ግዢው ላይ ሐኪሙ ሁለት ነገር ያሳስባል። አንደኛው ፆታ ነው። የላሲዮዶራ እንስት 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ልትኖር ትችላለች፤ ተባዕቱ ግን ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ብዙ አይቆይም። ትልቅ ሆኖ በርካሽ የሚሸጥ ታራንቱላ ብዙ ጊዜ ዕድሜው ያለቀ ተባዕት ነው፤ በፊት እግሮቹ ሥር ያለው ትንሽ መንጠቆ ያጋልጠዋል። የእንስቷ ፆታ የሚረጋገጠው በጣለችው ቆዳ ነውና፣ ገዢ ያንን ቆዳ እንዲያሳዩት ይጠይቅ።

ሁለተኛው ከየት እንደመጣች ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ወደ ሎስ አንጀለስ በፖስታ የተላኩ 300 ያህል ታራንቱላዎች ከተገኙ በኋላ ምርመራ ከፈተ፤ ፍጻሜውም የአንድ ጀርመናዊ ነጋዴ መታሰር ሆነ። በገበያ ከሚፈለጉት መካከል በዓለም አቀፍ ስምምነት የሚጠበቁ አሉ፤ የሜክሲኮዋ ባለ ቀይ ጉልበት ታራንቱላ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ንግዷ ቁጥጥር ይደረግበታል። የላሲዮዶራ እንስት ከአንድ የእንቁላል ከረጢት ከ1,000 በላይ ግልገል ልትፈለፍል ስለምትችል፣ ከዱር የተያዘች የሚገዛበት ምክንያት የለም። በእርባታ የተወለደች መሆኗን ሻጩ በጽሑፍ ያረጋግጥ።

ሊገዛ የቆረጠ ሰው ሣጥኑን ቀድሞ ያዘጋጅ፤ ሙቀቱንና እርጥበቱንም ለአንድ ሳምንት ይከታተል። በኪራይ የሚኖር ከሆነ ውሉን ያንብብ። ሁሉም የእንስሳት ክሊኒክ ሸረሪት አይቀበልምና፣ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት በአካባቢው ታራንቱላ የሚያክም ሐኪም መኖሩን ደውሎ ይጠይቅ።